በስክሪን ላይ የሚሰፋውን ልብስ ስለ ማስተማር

የፋሽን ንድፍ የሚማሩ ወጣቶች ወደ ምናባዊ ንድፍ ትምህርት ሲገቡ አዘውትረው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሥራ ለመቀጠር የትኛውን ሶፍትዌር ማወቅ አለብኝ ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሥራ ማስታወቂያዎች የፕሮግራም ስም ጠርተው ይጠይቃሉ፤ ተማሪውም ጊዜውና ገንዘቡ ወደ ሥራ ዓለም በሚያሻግረው ነገር ላይ እንዲውል ይፈልጋል። እኔ ግን መልሴን ከፕሮግራም ስም አልጀምርም። አሠሪው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ሌላ ሰው ከፍቶ ሊቆርጥበትና ሊሰፋበት የሚችል ፋይል የሚያስረክብ ባለሙያን ነው፤ በስክሪን ላይ የታየው ልብስ ተሰፍቶ ሲመጣ ያው ልብስ ሆኖ መገኘት አለበት። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ባለሙያ በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚፈራ በማስተማር ሥራዬ ያመንኩበትን አስረዳለሁ።

ምናባዊ ንድፍ ስል በኮምፒውተር የሚሳል የልብስ ሥዕል ማለቴ አይደለም። ንድፍ አውጪው የፊቱን፣ የኋላውን፣ የእጅጌውንና የኮሌታውን ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበትን ቅርጽ) በወረቀት ላይ እንደሚያደርገው ሁሉ ጠፍጣፋ አድርጎ ያዘጋጃል፤ የትኛው ጠርዝ ከየትኛው ጠርዝ ጋር እንደሚሰፋ ያመለክታል፤ የጨርቁን ባሕርይ በቁጥር ያስገባል፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ቁርጥራጮቹን ሰፍቶ አቫታር ለሚባለው ምናባዊ አካል ያለብሰዋል። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን እጥፋትና የጨርቅ አወዳደቅ የሚያወጣው ስሌት ነው። ጨርቁ በብዙ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይከፋፈላል፤ በየማዕዘኑ ጫፍ ያሉት ነጥቦች ክብደት ይሰጣቸዋል፤ ነጥቦቹን የሚያያይዘው ኃይል ሲለጠጡ መልሶ ይስባቸዋል፣ ሲታጠፉም ይቋቋማቸዋል። ስበት ወደ ታች ይጎትታቸዋል፤ አካሉ ደግሞ አልፈውት እንዳይገቡ ያግዳቸዋል። ዴቪድ ባራፍና አንድሪው ዊትኪን እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ጥናት ይህ ስሌት ሳይናጋ በፍጥነት የሚሠራበትን መንገድ ስላሳየ፣ ለአኒሜሽን ፊልምም ሆነ ለልብስ ንድፍ የጨርቅ ስሌት ትልቅ መሠረት ሆኗል።

ይህን ታሪክና አሠራር ለተማሪዎቼ ገና ከመጀመሪያው አስረዳለሁ፤ ሒሳቡን እንዲሠሩት ግን አልጠይቃቸውም። ፕሮግራሙ ስለ ውበትም ሆነ ስለ ልብስ ስፌት የሚያውቀው ነገር እንደሌለ የተረዳ ተማሪ፣ በስክሪኑ ላይ መልካም ነገር ሲያይ ያ መልካም ነገር ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። የመጣው ከሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከፓተርኑና ከጨርቁ ቁጥሮች። ፓተርኑ የተሳሳተ ከሆነ ስሌቱ የተሳሳተውን ፓተርን በታማኝነት ያሳየዋል፤ የጨርቁ ቁጥር የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ የትም የሌለ ጨርቅ በሚያምር ሁኔታ ሲወድቅ ያሳያል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ዓይን በቀላሉ ሊያገኘው አይችልምና።

ኢንዱስትሪው ይህን መሣሪያ ለምን እንደፈለገው ማወቅም የትምህርቱ አካል መሆን አለበት። አንድ ልብስ ለብዙኃን ከመመረቱ በፊት በናሙና ላይ ናሙና ይሰፋለታል፤ ሐሳቡን የሚያሳየው የመጀመሪያ ናሙና፣ በሞዴል ላይ ተለብሶ ልኩ የሚታይበት ናሙና፣ ሁሉም መጠኖች የሚታዩበት ስብስብ፣ በመጨረሻም ምርት ከመጀመሩ በፊት የሚጸድቀው ናሙና። ንድፍ አውጪውና ፋብሪካው በተለያየ አገር ሲሆኑ እያንዳንዱ ናሙና በአውሮፕላን ይመላለሳል፤ ትከሻው በአንድ ሴንቲ ሜትር ሰፋ ለሚል አስተያየት ሳምንታት ያልፋሉ፤ ጨርቁም አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል። ባለ ሦስት አውታር (ስሪዲ) ንድፍ፣ ማለትም ይህ ምናባዊ ንድፍ፣ ከእነዚህ ዙሮች የተወሰኑትን በስክሪን ላይ እንዲያልቁ ያደርጋል። የልብስ ኩባንያው ቶሚ ሂልፊገር እ.ኤ.አ. በ2019 ማብቂያ ላይ ከ2022 የጸደይ ስብስብ ጀምሮ ልብሶቹን ሙሉ በሙሉ በባለ ሦስት አውታር ንድፍ ለማዘጋጀት ማቀዱን ሲያስታውቅ ብዙ የፋሽን ትምህርት ቤቶች ጉዳዩን በአንክሮ መመልከት ጀመሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ የናሙና መመላለሻው ሲዘጋ፣ አማራጭ የነበረው ነገር ለብዙዎች ግዴታ ሆነ። ንድፍ አውጪዋ አኒፋ ምቩዌምባ ሃኒፋ በሚል ስያሜ የምታዘጋጃቸውን ልብሶች በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ሞዴል በማይታይበት፣ ልብሱ ብቻ በሚራመድበት ባለ ሦስት አውታር ትርኢት በኢንስታግራም ቀጥታ ሥርጭት ያቀረበችውም በዚያው ወቅት ነበር።

ይሁን እንጂ ኮምፒውተር ወደ ልብስ ሥራ የገባው ትናንት አይደለም። ጆሴፍ ገርበር ጨርቅን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥ ማሽን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የፈረንሳዩ ኩባንያ ሌክትራ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ሌክትራ የገርበርን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪገዛው ድረስ ሁለቱ ኩባንያዎች የፓተርንና የቆረጣ ሶፍትዌርን ዓለም ለረጅም ጊዜ ተካፍለውት ኖረዋል። ባለ ሦስት አውታር የልብስ ንድፍ ፕሮግራም የሚያዘጋጀው ክሎ የተባለው የኮሪያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ ሲሆን፣ ቪስቲቸር የሚባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚያዘጋጀው ብራውዝዌር ከእሱ በፊት የነበረ ነው። ተማሪው ይህን ቅደም ተከተል ሲያውቅ አንድ ነገር ይገባዋል፤ ባለ ሦስት አውታሩ ሥራ የቆመው ቀደም ሲል በነበረው የጠፍጣፋ ፓተርን ሥራ ላይ ነው፣ ፋብሪካው በስተመጨረሻ የሚቆርጠውም ጠፍጣፋውን ነው።

ስለዚህ የትምህርቱን ቅደም ተከተል በተመለከተ ጽኑ አቋም አለኝ። ፓተርን በእጁ ያላወጣና በስፌት መኪና ያልሰፋ ተማሪ ወደ ስክሪኑ መሄድ የለበትም፤ በእጅ የሚሠራውን ሁሉ ጨርሶ እስኪያበቃ ድረስ ስክሪኑን መከልከልም ልክ አይደለም። የሚሻለው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። በማስተምረው ክፍል የመጀመሪያው ከባድ ሥራ ቀላል የሚመስል ቀጥ ያለ ጉርድ ቀሚስ ነው፤ ወገቡ ላይ ዳርት (ጨርቁን አጥብቦ ቅርጽ የሚሰጥ የተሰፋ እጥፋት) ያለው፣ የጎን ስፌትና ዚፕ ያለው፣ ሌላ ጌጥ የሌለው። ተማሪው ያንኑ ፓተርን ሁለት ጊዜ ይሰፋዋል፤ አንዱን በደረቅ ጥጥ፣ ሌላውን ለስላሳ በሆነ ቪስኮስ። በስክሪን ላይም ሁለት ጊዜ ይሰፋዋል፤ የሁለቱን ጨርቆች ባሕርይ ራሱ ለክቶ እያስገባ። ከዚያ አራቱን ልብሶች አንድ ላይ ያቀርባል። ወገቡ ስንት ሆነ፣ ዳሌው ላይ የቀረው ትርፍ ስንት ነው፣ ከታች ያለው ጠርዝ ከወለሉ እኩል ርቀት ላይ ነው ወይስ ተዛብቷል፣ ዳርቱ ጫፍ ላይ ጨርቁ ተነፍቷል ወይስ ተኝቷል እያለ በሴንቲ ሜትር ይጽፋል።

የዚህ ሥራ ጥቅም ያለው ልዩነቱ ላይ ነው። የተሰፋውና በስክሪን የታየው ፈጽሞ አንድ ሆነው አይገኙም፤ ተማሪው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማግኘት ሲመረምር ግን ስለ ስፌትም ሆነ ስለ ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ ይማራል። ለምሳሌ ከክብ የሚቆረጥ ሰፊ ጉርድ ብንወስድ፣ ጨርቁ በድር አቅጣጫ በሚወድቅበት ቦታና በሰያፍ በሚወድቅበት ቦታ አንድ ዓይነት ባሕርይ የለውም። ልምድ ያላት ልብስ ሰፊ፣ ጉርዱን ሰቅላ ታሳድረዋለች፤ ሰያፉ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ከታች ያለውን ጠርዝ አስተካክላ የምትቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ግን ነጥቦቹ መንቀሳቀስ ሲያቆሙ ሥራው አልቋል ብሎ ይቆማል፤ በሌሊቱ ውስጥ ጨርቁ ቀስ በቀስ የሚያደርገውን መውረድ አያውቅም። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ በሰያፍ የተቆረጠ ልብስ ፋይል ሲያስረክብ ጠርዙ ከተሰቀለ በኋላ እንደሚስተካከል በማስታወሻው ላይ ይጽፋል። ያላየው ተማሪ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ሊጽፍ አይችልም።

እጅጌም እንዲሁ ነው። የጃኬት እጅጌ አናት ከሚሰፋበት የክንድ ዙሪያ በመጠኑ እንዲበልጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ትርፉን ባለሙያው በእንፋሎትና በካውያ አሰባስቦ ክብ የትከሻ ቅርጽ ያወጣበታል። የሱፍ ጨርቅ ይህን ይቀበላል፣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ እንቢ ይላል። በስክሪን ላይ ካውያ የለም፤ ትርፉ ወይ ትንንሽ ሽብሽብ ሆኖ ይታያል፣ ወይም ምንም እንዳልነበረ ተጨምቆ ይጠፋል። የኮሌታ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ ኮሌታን የሚያቆመው በውስጡ የሚጣበቀው አጠንካሪ ጨርቅ በመሆኑ፣ ተማሪው ይህን ንብርብር በፕሮግራሙ ውስጥ ካላስገባው ኮሌታው ይተኛል፤ የተኛበትን ምክንያት ያላወቀ ተማሪ የጨርቁን ቁጥር በመጨመር ሊያቆመው ይሞክራል፤ ያኔ ቀሪው ሸሚዝ ሁሉ እንደ ካርቶን ይደርቃል። የጂንስ ሱሪ የጎን ስፌት ሲታጠፍና ሲደራረብ የሚፈጥረው ውፍረት በልብሱ አወዳደቅ ላይ ያለውን ተጽዕኖም በዚሁ መንገድ ማየት ይቻላል። እነዚህን ሁሉ በእጅ ያልዳሰሰ ሰው በመዳፊት ሊያስተካክላቸው አይችልም የሚለው እምነቴ በየዓመቱ እየጠነከረ መጥቷል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለጨርቅ ልኬት ነው፤ በብዙ ሥርዓተ ትምህርቶች ውስጥ በአንድ ገለጻ ሲታለፍ ማየቴም ያሳስበኛል። ፕሮግራሞቹ ዝግጁ የጨርቅ ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ፤ ሐር፣ ጂንስ፣ ሹራብ፣ ቆዳ እያሉ የሚመረጡ። ተማሪው ሐር የሚለውን ይመርጣል፣ ልብሱ ያምራል፣ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሆኖም ሐር የሚባል አንድ ጨርቅ የለም፤ ስስ ሺፎንና ጠንካራ ታፍታ ሁለቱም ሐር ሊሆኑ ይችላሉ፣ አወዳደቃቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጨርቅን በቁጥር የመግለጹ ጥረት ረጅም ታሪክ አለው፤ ጃፓናዊው ሱዌኦ ካዋባታ የጨርቅን ልስላሴና አያያዝ በመሣሪያ የሚለካ ዘዴ ያዳበረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን፣ የአውስትራሊያው የምርምር ድርጅት ሲኤስአይአርኦ ደግሞ ቀለል ያለውንና ፋስት የሚባለውን ዘዴ ከዚያ በኋላ አቅርቧል። የዛሬዎቹ የሶፍትዌር ኩባንያዎች የሚሸጧቸው መለኪያዎችም ጥያቄያቸው ያው ነው፤ ጨርቁ ምን ያህል ይከብዳል፣ ምን ያህል ይወፍራል፣ በድር፣ በማግና በሰያፍ አቅጣጫ ሲሳብ ምን ያህል ይለጠጣል፣ ሲታጠፍስ ምን ያህል ይቋቋማል።

ውድ መሣሪያ በሌለበትም ይህን ማስተማር ይቻላል። ክብደት ለመለካት ስፋቱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ተቆርጦ በጥንቁቅ ሚዛን ይመዘናል፤ ግራሙ በ100 ሲባዛ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ይገኛል። መታጠፍን ለመለካት ቀጭን የጨርቅ ቅዳጅ በአግዳሚ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተኝቶ ጫፉ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ይገፋል፤ በራሱ ክብደት ጎንበስ ብሎ በ41.5 ዲግሪ የተዘጋጀውን ተዳፋት መስመር ሲነካ የወጣው ርዝመት ይመዘገባል። ደረቅ ጨርቅ ረጅም ርቀት ይወጣል፣ ለስላሳው ወዲያው ይወድቃል። ለመለጠጥ ደግሞ በታወቀ ርዝመት የተቆረጠ ቅዳጅ አንድ ጫፉ ታስሮ በሌላው ጫፍ የታወቀ ክብደት ይንጠለጠልበታል፤ የጨመረው ርዝመት ይለካል፣ በሦስቱም አቅጣጫዎች ይደገማል። እነዚህ ልኬቶች የቤተ ሙከራ መሣሪያን ትክክለኛነት አይተኩም። ለተማሪው የሚሰጡት ጥቅም ግን ተኪ የለውም፤ በፕሮግራሙ መስኮት ውስጥ የሚያየው እያንዳንዱ ቁጥር በእጁ የያዘው ጨርቅ የሚያደርገው አንድ ነገር መሆኑን በሥራ ያውቀዋል።

ስለ አቫታሩ ጥቂት ልበል። ምናባዊው አካል ሥጋ የለውም፤ ጠባብ ሱሪ ሲለብስ ሆዱ አይገባም፣ ጡቱ አይጨመቅም፣ ሲተነፍስም አይነፋም። አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጆቹን ከጎኑ በመጠኑ ዘርግቶ ይታያል፤ ልብስ የሚፈተነው ግን ሰው ሲቀመጥ፣ ሲጎነበስ፣ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ነው። ስለዚህ ተማሪው አቫታሩን ቢያንስ አስቀምጦና እጁን አስነስቶ ማየት አለበት። የመጠን ልኬቶች ምን ምን እንደሆኑና ከየት እስከ የት እንደሚወሰዱ የሚደነግገው አይኤስኦ 8559-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል፤ ተማሪዎቼ ይህን ደረጃ ተከትለው እርስ በርስ እንዲለካኩ፣ ከዚያም በራሳቸው ልኬት አቫታር እንዲሠሩ አደርጋለሁ። አንድ ቀጭንና ረጅም አካል ላይ ብቻ ሲሠራ የከረመ ተማሪ ፓተርኑን ወደ ትላልቅ መጠኖች ሲያሳድግ ደረቱ ሲሰፋ የብብቱ ጥልቀትና የትከሻው ርዝመት በዚያው መጠን እንደማይሰፉ ዘግይቶ ነው የሚደርስበት።

ፕሮግራሞቹ ልብሱ አካሉን የት የት እንደሚጫንና ጨርቁ የት እንደሚወጠር በቀለም ያሳያሉ። ቀዩ ውጥረት ያለበት፣ ሰማያዊው ወይም አረንጓዴው የላላ ነው። ተማሪዎች ቀይ ቀለም ባዩ ቁጥር ጥፋት ያገኙ እየመሰላቸው ሁሉንም ቦታ እስኪያላሉ ድረስ ይሠራሉ፤ የዋና ልብስ ወይም የስፖርት ልብስ ግን ካልተወጠረ አይሠራም፣ የታንኳ ቅርጽ ያለው ሰፊ አንገትም ትከሻ ላይ ካልያዘ ይወድቃል። ቀለሙን ማንበብ ማለት ውጥረቱ በታሰበበት ቦታ፣ በታሰበው መጠንና በታሰበው አቅጣጫ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ጨርቁ በስሌቱ የሚከፋፈልባቸው ነጥቦች መካከል ያለው ርቀትም ትኩረት ይፈልጋል፤ በክሎ ፕሮግራም ውስጥ ሥራ ሲጀመር 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይመጣል፣ ይህም ለፈጣን ሙከራ ይበቃል፤ ልክ ለመፈተሽ ግን ወደ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ መውረድ ያስፈልጋል፤ ትንንሹ መጨማደድ የሚታየው ያኔ ነውና። በሰፊው ርቀት የተነሣ ምስል መጨማደዱን ደብቆ ፓተርኑ የተስተካከለ ሊያስመስል ይችላል።

አሁን ወደ ፋይሉ ልመለስ፤ ለሥራ ዓለም ከሚደረገው ዝግጅት ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። በትምህርት ቤት የተለመደው ምዘና ተማሪው የመጨረሻውን ምስል ለመምህሩ ሲያቀርብ መምህሩ ምስሉን አይቶ ውጤት የሚሰጥበት ነው። በሥራ ቦታ ግን ፋይሉ ከንድፍ አውጪው እጅ ወጥቶ ፓተርን ሠሪው ይከፍተዋል፣ የልክ ባለሙያዋ ትመረምረዋለች፣ ዋጋ ተማኙ የጨርቅ ፍጆታውን ያሰላበታል፣ ፋብሪካው ይቆርጥበታል። ስለዚህ ዋናው ምዘናዬ ልውውጥ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ፋይሉንና ቴክ ፓክ የሚባለውን የማምረቻ ሰነድ ለማያውቀው ሌላ ተማሪ ያስረክባል፤ ተቀባዩ ምንም ጥያቄ ሳይጠይቅ ከፋይሉ ፓተርኑን አውጥቶ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። ውጤት የሚሰጠው የተሰፋው ልብስ ከስክሪኑ ልብስ ጋር ቀርቦ ነው።

ይህ ልውውጥ የሚያወጣቸው ጉድለቶች በየትኛውም ምስል ላይ የማይታዩ ናቸው። የድር አቅጣጫ መስመር ያልተሰጠው ቁርጥራጭ ይገኛል። የማገጣጠሚያ ምልክት የሌለው እጅጌ ይገኛል፤ ፊቱ የትኛው፣ ኋላው የትኛው እንደሆነ ሰፊው በግምት ይወስናል። የስፌት ትርፍ በአንዱ ጠርዝ ተጨምሮ በሌላው ተረስቷል። ስም ያልተሰጣቸው ቁርጥራጮች ተቆልለው ኪሱ ከኮሌታው አይለይም። ከሁሉ የከፋው ግን የርዝመት አለመመጣጠን ነው። ሁለት የሚገናኙ ጠርዞች ርዝመታቸው ቢለያይም ፕሮግራሙ ልዩነቱን በስፌቱ ርዝመት ላይ አከፋፍሎ ያገናኛቸዋል፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በስክሪኑ ላይ ምንም ነገር አይታይም። በስፌት መኪና ፊት የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ አንዱ ጨርቅ ተርፎ ያገኘዋል። ስለዚህ ተማሪዎቼ ፋይል ከማስረከባቸው በፊት የሚገናኙ ጠርዞችን ሁሉ ጥንድ ጥንድ አድርገው እንዲለኩ፣ ልዩነት ሲኖርም ሆን ተብሎ የተደረገ ሽብሽብ ወይም ማሰባሰብ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያስረዱ እጠይቃለሁ።

ፋይሎች ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲሻገሩ ምን እንደሚጠፋ ማወቅም የዚሁ ትምህርት አካል ነው። ፓተርኖች በተለምዶ የሚሻገሩት ለልብስ ኢንዱስትሪ በተዘጋጁት፣ ዲኤክስኤፍ በሚባሉት የፋይል ቅርጾች ነው፤ ጠፍጣፋው ቁርጥራጭ ከነምልክቱና ከነድር አቅጣጫው ይሄዳል፤ የትኛው ጠርዝ ከየትኛው ጋር እንደሚሰፋ የሚናገረው መረጃ፣ የጨርቁ ቁጥሮችና አቫታሩ ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ። ለጨርቅ ዩስሪኤም የሚባል የፋይል ቅርጽ አለ፤ የጨርቁን መልክና አካላዊ ባሕርይ አንድ ላይ ይይዛል። ተማሪው ፓተርኑን አውጥቶ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ከከፈተው በኋላ ምን እንደጎደለ ራሱ ዘርዝሮ ቢጽፍ፣ ስለ ቅርጾቹ ከሚሰጥ ማንኛውም ገለጻ የበለጠ ይማራል።

ስለ ምስሉ ውበት ያልተናገርኩት አሳንሼው አይደለም። ብርሃንን፣ የጨርቅን ገጽታና የጥላን ነገር አሳምሮ የሚሠራ ባለሙያ በእርግጥ ይፈለጋል፤ ልብሱ ከመመረቱ በፊት ለገዢዎች የሚቀርበው ምስል፣ ለኢንተርኔት መደብር የሚዘጋጀው ምስል ሁሉ የእሱ ሥራ ነው። ይሁንና ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ከልክና ከፓተርን ሥራ ጋር ተደባልቆ ሲሰጥ ተማሪው ዓይን የሚስበውን ይዞ ሌላውን ይተዋል። ሊለበስ የማይችል፣ በምስል ብቻ የሚኖር ልብስም አለ፤ ዘ ፋብሪካንት የተባለው የአምስተርዳም ድርጅት የሠራው ቀሚስ በ2019 እ.ኤ.አ. በ9,500 ዶላር መሸጡ ብዙ ወጣቶችን አነሳስቷል። ይህን የፈጠራ ዘርፍ አከብራለሁ። ለሥራ ቅጥር ለሚዘጋጅ ተማሪ ግን ሰፊው በር ያለው እውነተኛ ልብስ ከሚያመርቱት ዘንድ ነው ብዬ እመክራለሁ።

እነዚያ በሮች ብዙ ስም አላቸው፤ ባለ ሦስት አውታር ንድፍ አውጪ፣ ዲጂታል ፓተርን ሠሪ፣ የልክ ባለሙያ፣ የዲጂታል ጨርቅ ባለሙያ፣ የምርት መረጃን ፒኤልኤም በሚባለው ሥርዓት ውስጥ የሚያደራጅ ሠራተኛ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ተማሪዎች እምብዛም አያውቋቸውም፤ ጨርቅ መለካትና መመዝገብ ለሚወድ ጥንቁቅ ሰው ግን ከሁሉ የተሻለ መግቢያ ሊሆኑ እንደሚችሉ አምናለሁ። የሥራ ማሳያ ሲያዘጋጁም ከብዙ ያማሩ ምስሎች ይልቅ ጥቂት ልብሶችን ከሥር ከመሠረታቸው እንዲያሳዩ እመክራቸዋለሁ፤ ፓተርኑን፣ የጨርቁን ልኬት፣ የውጥረቱን ቀለም፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ዙር መካከል የተለወጠውንና የተለወጠበትን ምክንያት፣ በመጨረሻም የተሰፋውን ልብስ ፎቶ ከስክሪኑ ምስል አጠገብ። ልምድ ያለው ቀጣሪ የሚጠይቀው ስለዚያ ልዩነት ነው፣ መልሱም አስቀድሞ የታሰበበት ይሆናል።

የፕሮግራም ፈቃድና ኃይለኛ ኮምፒውተር ውድ መሆናቸው እውነት ነው። የሚከፈልበት ፕሮግራም በሌለበት ቦታ ሲምሊቱዲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፓተርን ማውጣት፣ ብሌንደር በሚባለው ነፃ ፕሮግራምም የጨርቅን ስሌት ማሳየት ይቻላል። ለልብስ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀውን ያህል አይመቹም፤ ክብደት፣ መለጠጥና መታጠፍ የሚሉት ሐሳቦች ግን አንድ ናቸው፣ ወደ ሌላ ፕሮግራም የሚሻገሩትም ሐሳቦቹ ናቸው። ተማሪው በመጀመሪያ ላነሳው የሶፍትዌር ጥያቄ የምሰጠው ሙሉ መልስ ይህ ነው፤ አንዱን ፕሮግራም እስከ ጥልቁ ይወቅ፣ ሁለተኛውን ፋይል ተቀብሎ ለመመርመር በሚያበቃው መጠን ይሞክር።

በትምህርት ተቋማት በኩል ከሁሉ በላይ መለወጥ ያለበት የመምህራኑ መለያየት ይመስለኛል። ፓተርንና ስፌት የሚያስተምረው ባለሙያ በአንድ ክፍል፣ ኮምፒውተር የሚያስተምረው በሌላ ክፍል ሆነው፣ ተማሪው በመካከላቸው ይመላለሳል፤ አንዱ ያስተማረው ለሌላው አይደርስም። ለዓመታት የኖሩ ሰፊዎችና ፓተርን ሠሪዎች ኮምፒውተሩን አለማወቃቸው ከዚህ ትምህርት ሊያርቃቸው አይገባም። የጃኬት ትከሻ ለምን እንደተጨማደደ ከሩቅ አይተው የሚናገሩት እነርሱ ናቸው፤ ፕሮግራሙን የሚያውቀው መምህር አጠገባቸው ተቀምጦ የሚሉትን በፓተርኑ ላይ ወዲያው ቢያሳይ ተማሪው ሁለቱንም እውቀት በአንድ ጊዜ ያገኛል። የልውውጡን ውጤት ሁለቱ መምህራን አብረው እንዲሰጡ ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጅምር ነው።

ሌላው ጅምር የጋራ የጨርቅ ማኅደር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የለካው ጨርቅ ቅዳጅ በካርድ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፤ በካርዱ ላይ የጨርቁ ቃጫ ምንነት፣ የአሠራሩ ዓይነት፣ የካሬ ሜትሩ ክብደት፣ ውፍረቱ፣ በሦስቱ አቅጣጫዎች ያለው መለጠጥ፣ የመታጠፍ ርዝመቱ፣ የለካው ሰው ስምና የተለካበት ቀን ይጻፋል፤ ዲጂታል ፋይሉም በካርዱ ቁጥር ይሰየማል። ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ያንኑ ጨርቅ ሲጠቀም ከመውሰዱ በፊት አንዱን ልኬት ደግሞ ይለካል፤ ውጤቱ ከተመዘገበው ከራቀ ሁለቱም ልኬቶች በካርዱ ላይ ይሰፍራሉ፣ ልዩነቱም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መነጋገሪያ ይሆናል።